አራት ጊዜ ጠይቋል

ጥር 9

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ቢያንስ እንቅልፍ የሚወስድሽ፣ እህል የሚወርድልሽ ሆነሽ ያግኝሽ። ከዚያ በላይ መመኘት ለጊዜው ያሳፍረኛል። እናቴ ደህና ናት። ጉልበቷ እንደ ወትሮው ነው፤ ያንቺ ስም ሲነሳ ግን ነገር እንደረሳ ሰው ወደ ጓዳ ትገባለች።

ባልሽ ጋሼ ከሞተ ሰባት ሳምንት ሆነው። የምንቀብረው ነገር ሳይሰጡን ትናንት መጽሐፍ ሰጡን። መንግሥት ሪፖርቱን አወጣ፦ ሃምሳ ስምንት ገጽ፣ ጠንካራ ሽፋን፣ ርእሱ «ስለተጠለፉት ሁለት አውሮፕላኖችና ስለተወሰደው ፈጣን እርምጃ»። ለመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ በሙሉ አንዳንድ ታደለ። እኔ መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፣ ቀጥሎ ቁጭ ብዬ፣ በሦስተኛው እናቴ «ምን ሆነሽ ነው ጥርስሽን የምታፋጪው?» አለችኝ።

ስለ መጀመሪያው አውሮፕላን የጻፉት እውነት ነው። እንዴት ይዋሹ፣ ጋዜጠኞች ቆመው እያዩ ነው ያረፈው። ጠላፊዎቹ በሩ ላይ ሆነው መግለጫቸውን አንብበው እጃቸውን ሲሰጡ አገር ሰምቷል፤ መንግሥትም በዚያ አፍሯል። ያልጻፉት፣ ያ ሀፍረት ከአንድ ሰዓት በኋላ በሁለተኛው አውሮፕላን ላይ ምን እንዳደረገ ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ እንዲህ ይላል፦ «የሁለተኛው አውሮፕላን ሬዲዮ በጠላፊዎቹ በመበላሸቱ አብራሪው ለማረፍ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮ አስፈላጊው ሁሉ በተደረገለት ነበር።»

አክስትዬ፣ ጠይቋል። በዚያ ጠዋት በበረራ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ይህንኑ በስብሰባ ላይ ስለተናገርኩ በሦስተኛው ቀን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። አራት ዓመት ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ አሁን አምፖልና የተሰበረ የወንበር እግር እመዘግባለሁ። «ጊዜያዊ ነው» ብለውኛል። የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ እሱም በጊዜያዊነት እንደመጣ ነገረኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ሪፖርቱ እዚያም ከደረሰ እንዳታምኚው። የቆንስላው ሰዎች ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።

እንደ ልጅሽ ያሳደግሽኝ፣
እልኸኛዋ


የካቲት 2

ለእልኸኛዋ የእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። ለእናትሽ ስለ እኔ አታስቢ በያት፤ እኔ ስለ እሷ ጉልበት ነው የማስበው።

ሪፖርቱ ደርሷል። እዚህ ከተማ የምንገኘውን የአምስት ሟቾች ቤተሰብ ቆንስላው ጠርቶ ሻይ አጠጣን፣ መጽሐፉን አደለን። ከዚያ አንድ ከረባት ያሰረ ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ። የባሌን የሞት ማስረጃና የተገኘውን ቦርሳውን ለመውሰድ «የሪፖርቱን ይዘት ተቀብያለሁ» ብዬ መፈረም አለብኝ።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ» አለኝ።

«ምን የሚል ነው?»

«ያው የተለመደው ነው።»

«ባሌ ሲሞት የመጀመሪያዬ ነው ልጄ፤ የተለመደውን አላውቀውም» አልኩት። ቀላ።

አልፈረምኩም። ያንቺ ደብዳቤ ባይደርሰኝ ግን እፈርም ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። የሞት ማስረጃው ያስፈልገኛል። የቤቱ ውል በእሱ ስም ነው፤ አከራዩ ኮሪደር ላይ ባየኝ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ቦርሳውም ቦርሳ ብቻ አይደለም። የአናጺ መሣሪያዎቹ ያሉበት ነው። እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ «ለሦስት ሳምንት መዶሻ ምን ያደርግልሃል?» ብለው «በሯ ከነመቃኑ ወልቋል ብለውኛል» አለኝ። በሩን እንደሠራ አውቃለሁ። የመጨረሻው ስልኩ ስለዚያ በር ነበር።

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ወደ መተኮሻው እያስገባሁ አስባለሁ። ጠይቋል ብለሽኛል። ማን ሰማው? ምን ብሎ ጠየቀ? እስካውቅ አልፈርምም፤ ግን እግሬን ይዘሽ አታቆዪኝ።

አክስትሽ


የካቲት 26

ለተከበርሽው አክስቴ፣

ያልፈረመው እጅሽ ይባረክ። የአከራዩንም ጉሮሮ ይዝጋለት። ይህ ምርቃት ነው ወይስ እርግማን አትበይኝ፣ እንዳየሽው ውሰጂው።

ስለጠየቅሽኝ እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

በመቆጣጠሪያው ክፍል ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አለች። አብራሪው የሚለው ሁሉ ከነደቂቃው በእስክሪብቶ ይጻፍባታል። ስህተት ቢኖር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ መፋቅ ክልክል ነው። ቁራጮቹ ማታ በላስቲክ ታስረው ካርቶን ይገባሉ፤ ለሦስት ወር አይነኩም። የጋሼ አውሮፕላን ቁራጭ እዚያ ካርቶን ውስጥ የለችም። የት እንዳለች ግን አይቻለሁ፤ የፈረቃ አለቃችን ደረት ኪስ ስትገባ። ሁሉን ነገር ስለሚሸፍን እኛ ብርድ ልብስ እንለዋለን።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ካረፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብርድ ልብስ ስልክ አነሳ። «አቤት ጌታዬ» አለ፣ ብቻውን ቆሞ እጅ ነሳ፣ ስልኩን ዘጋና «ሁለተኛው ከመጣ አትመልሱለት» አለን። ከእኛ አንዱ «እስከ መቼ?» አለው። «እስኪሄድ» አለ። ሁለት የነዳጅ ቦቴ መጥተው ማኮብኮቢያውን ዘግተው ቆሙ። ሪፖርቱ ስለ ቦቴዎቹ «ለጥንቃቄ» ይላል።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት። «ለማረፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ስልሳ አንድ ሰው ነን። ነዳጄ ሃምሳ ደቂቃ አይሞላም።» ወንበሩ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አልመለሰም።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት። «አሁንም ፈቃድ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ወደ ሌላው ማረፊያ ልሂድ፣ ንገሩኝ።» ሌላው አየር ማረፊያ ሃያ አምስት ደቂቃ ይርቃል።

አራት ሰዓት ከዘጠኝ። «ማኮብኮቢያው ላይ መኪና ይታየኛል። እባካችሁ አንሱልኝ።»

አራት ሰዓት ከሃያ አንድ። «እዚያ ሰው አለ?»

ከሰባት ደቂቃ በኋላ ወደቀ። ወንበሩ ላይ የነበረው ተቆጣጣሪ አራቱንም ጽፏል፣ ከነደቂቃቸው።

የተበላሸ ሬዲዮ ይሉታል። ለእነሱ የተበላሸ ሬዲዮ ማለት የማይወዱትን የሚናገር ነው። በዚያ ላይ ከሪፖርቱ ኋላ «ጥሪ እንዳልሰማን እናረጋግጣለን» የሚል ገጽ አለ፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ፊርማው የእኔ ነው። የፈረምኩት ግን በዚያ ሳምንት የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ነበር፤ የላይኛውን ቆርጠው ሌላ ጽሑፍ ገጠሙበት። የገጠሙበት ቦታ ላይ መስመሩ ተንጋዷል። ውሸትን እንኳ በማስመሪያ አይሠሩትም።

አትፈርሚ።

እልኸኛዋ


መጋቢት 20

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ።

ደብዳቤሽን ለሌሎቹ ቤተሰቦች አነበብኩላቸው። አንዷ አማቷን ነው ያጣችው፤ ቁጭ ብላ የነበረችው ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። «እዚያ ሰው አለ?» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ሌላ ሰው ተቀብሎኝ ጨረሰው።

ቤት ገብቼ ብቻዬን ደገምኩት። ሁለት ነገር ጎደለኝ።

አንደኛው ይኸው። ነዳጁ ሃምሳ ደቂቃ፣ ሌላው ማረፊያ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሁለተኛ ሲጠይቅ ገና መሄድ ይችል ነበር። «ልሂድ» ብሎም ጠይቋል። ለምን አልሄደም? አብራሪ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ይደምራል። ዝም ያሉትን ሰዎች ምን ብሎ ጠበቃቸው?

ሁለተኛው፣ አንቺ ለሰው ስም ሳታወጪ አድረሽ አታውቂም። አለቃሽን ብርድ ልብስ ብለሻል። በልጅነትሽ ለጎረቤታችን «ነጋሪት» ብለሽ ስም አውጥተሽ እኔ ነኝ ይቅርታ የጠየቅኩት። እዚህ ደብዳቤ ላይ ግን «ወንበሩ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ» የሚባል አንድ ሰው አለ። ስም የለው፣ መልክ የለው፣ አንድ ቃል አይናገር። ደግሞ እሱን አትቆጪውም። ሁሉን የምትቆጪ ልጅ እሱን ዘለልሽው።

ማነው?

አክስትሽ


ግንቦት 14

አክስትዬ፣

ሰላምታ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፤ ስለዚህ አልጀምርም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አንድ ወር አለፈ። መንገድ ላይ ጠፋ ለማለት አስቤ ነበር። ሰው ሁሉ በሚዋሽበት መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ውሸት ማን ይታዘበኛል ብዬ።

ወንበሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ድምፁ የመጣው በእኔ ጆሮ ነው። ጋሼ ውስጡ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጠዋት እስከ በሩ የሸኘሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ቀድመን ደርሰን «እኔ የማረፍድ ዓይነት ሰው እመስላለሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ፎቁ ላይ ወጥቼ ፈረቃዬን ጀመርኩ። አውሮፕላኑ ተነሥቶ፣ አየር ላይ ተጠልፎ ወደ እኛው ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ጥሪ አልመለስኩም። ታዝዣለሁ። ብርድ ልብስ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ያልመለስኩት ግን በእሱ ምክንያት ብቻ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። እንጀራዬን ፈርቼ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ወር የፈጀብኝ።

ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ አልቻልኩም። በእኛ ሥራ ማይክሮፎኑን ሳይናገሩ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ማድረግ የሚባል ልማድ አለ። በመመሪያ የለም፤ ተቆጣጣሪና አብራሪ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ብዙ አውሮፕላን አንድ ላይ ሲመጣብሽ መናገሪያ ጊዜ ታጪያለሽ፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ጠቅ ታደርጊለታለሽ። ሰምቼሃለሁ፣ እጄ ተይዟል፣ ጠብቀኝ ማለት ነው። እኔ እንግዲህ ሰምቼሃለሁ ለማለት ብቻ ፈለግሁ። ብቻህን አይደለህም ልለው። የሚያምን ሰው ምን እንደሚያደርግ አላሰብኩም።

አብራሪው እንዲህ አለ፦ «ሁለቱን ሰምቻለሁ። እጠብቃለሁ፣ አመሰግናለሁ።»

ከዚያ ዞረ። ከተማውን ዞረ፤ በመስኮቱ አየሁት። መሄድ እየቻለ ጠበቀኝ። አመሰገነኝም።

ብርድ ልብስ ጠቅታውን ሰምቶ የጆሮ ማዳመጫዬን ሽቦ ነቀለው። ሦስተኛውንና አራተኛውን የሰማነው ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ነው። «ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። ኋላ ሲያዛውረኝ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዝም ብትይ ላንቺ ነው የሚሻለው፤ ምን እንዳደረግሽ አንቺም እኔም እናውቃለን» አለኝ። በዚያ ነው የያዘኝ። በስብሰባ የተናገርኩት ጠይቋል ብቻ ነው። ግማሽ እውነት ይዤ እነሱን ውሸታም ስል ከረምኩ።

ገጽ ሠላሳ አንድ እኔንም ይሸፍነኛል፣ አየሽ። ካልጠየቀ እኔም ጠቅ አላደረግሁም። በዚህ ሪፖርት ነፃ ከወጡት አንዷ እኔ ነኝ፤ ያ ነው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ።

ግን ልብ በይ፦ ዝምታውን ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም። ቦቴዎቹን የላክሁት እኔ አይደለሁም። በዚህ እንደ እልኸኛ ቆሜያለሁ፤ በሌላው ግን መቆሚያ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ የፈለግሽውን አድርጊበት። ለማንም አሳዪው።

የእህትሽ ልጅ


ነሐሴ 3

ለእህቴ ልጅ፣

እግዜር ይጠብቅሽ። ይህን የምለው ጽፌ ሰርዤ፣ መልሼ ጽፌ ነው።

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት። ከሰዓት በኋላ መተኮሻው ውስጥ አንድ አንሶላ አቃጠልኩ፤ አለቃዬ «ዛሬ ሐሳብሽ የት ነው?» አለችኝ፣ «ሰማይ ላይ» አልኳት። ሦስት መልስ ጽፌ ቀድጃለሁ። አንዱ ስድብ ነበር። አንዱ ምንም እንዳልሆነ የሚያስመስል ነበር፤ ከስድቡ የባሰው እሱ ነው።

መናገር ነበረብሽ። «ሂድ» ማለት አንድ ቃል ነው። ቢያባርሩሽ፣ ቢያስሩሽ፣ ሂድ ማለት ነበረብሽ። ይህን አንድ ጊዜ እላለሁ፣ አልደግመውም፣ አልሰርዘውምም።

ይህን ካልኩ ሌላውን ልንገርሽ። ሌሎቹን ቤተሰቦች ጠርቼ ሁሉንም አነበብኩላቸው። አንዱ ሰውዬ «ስለዚህ ልጅቷ ናት» አለ። አማቷን ያጣችው ሴት «ልጅቷ ጠቅ ያደረገችው ሌሎቹ ዝም ስላሉ ነው፤ ዝም ያሉት ማን ናቸው?» አለችው። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ሻይ የሚያፈላ አልነበረም።

በመጨረሻ ደብዳቤሽን ገልብጠን እዚያ አገር ላሉት ቤተሰቦች ላክን። እነሱም አርባ ሦስት ሆነው ፈርመው ጉዳዩ በአደባባይ እንዲሰማ አመልክተዋል። መንግሥት እምቢ ማለት አይችልም፤ የአብራሪው ሚስት ራሷ ፈርማለች።

ስለዚህ ትጠሪያለሽ። ስትጠሪ ሁሉን ተናገሪ። ጠቅታውን ካስቀረሽ አክስትሽ አይደለሁም። ዝምታውን ካስቀረሽም አይደለሁም።

ቦርሳው እስካሁን ቆንስላው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አከራዩ ቀነ ገደብ ሰጥቶኛል። አልፈረምኩም።

አክስትሽ


ጥቅምት 12

ለምወድሽና ለማፍርሽም አክስቴ፣

ጤና ሁኚ። እናቴ ከእኔ ጋር ወደ ስብሰባው አዳራሽ መጥታ ደረጃውን በዚያ ጉልበቷ ወጣችው፤ ክንዴን አልያዘችም።

ብርድ ልብስ ከእኔ በፊት መሰከረ። ሃያ ሦስት ጊዜ «አላስታውስም» አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስንት ዓመት እዚያ እንደሠራ ነበር።

በኮሪደሩ የአብራሪው ሚስት አጠገቤ ተቀመጠች። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። አልሰደበችኝም፣ አላቀፈችኝም። «ድምፁ እንዴት ነበር?» አለችኝ። «የረጋ ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው። በጣም የረጋ ነበር።

ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አራቱን ጥሪ፣ ደቂቃዎቹን፣ ኪስ የገባችውን ቁራጭ፣ የተቆረጠውን ፊርማዬን። ጠቅታውንም። ሰብሳቢው ከወረቀቱ ቀና ያለው ያኔ ብቻ ነው።

«እንግዲህ አብራሪውን ያሳሳትሽው አንቺ ነሽ።»

«እንዲጠብቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ይህን የሟች ቤተሰብ ያውቃል?»

«አክስቴ ታውቃለች። ባሏ ውስጡ ነበር። እዚህ እንድናገር የላከችኝ እሷ ናት።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጠ።

«ማን አትመልሱ እንዳለን አይጠይቁኝም?» አልኩት።

«እዚህ የምንጠይቀው እኛ ነን።»

«እኮ ይጠይቁኛ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ደስ የሚል ዓይነት አልነበረም። ሰብሳቢው ጉባኤውን ለሌላ ቀን ቀጠረው።

በማግስቱ የመንግሥት ጋዜጣ ፊት ለፊት ገጹ ላይ በጎላ ጽሑፍ «ተቆጣጣሪዋ አብራሪውን ማሳሳቷን አመነች» ብሎ ወጣ። የእኔ ፎቶ አለበት፤ አፌ ተከፍቶ ነው ያነሱኝ። እናቴ ጋዜጣውን ልትደብቀው ምንጣፍ ሥር አደረገችው፣ አውጥቼ አነበብኩት። እንደ ጠበቅሁት ሁሉን በእኔ ላይ ጭነውታል፦ ልምድ የሌላት፣ ከመመሪያ ውጪ የሠራች፣ ስሜታዊ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ቁጭ አልኩ። እንዲህ ይላል፦ «አብራሪው ለሁለተኛ ጊዜ የማረፊያ ፈቃድ በጠየቀበት ወቅት ተቆጣጣሪዋ በፈጸመችው ጥፋት...»

ለሁለተኛ ጊዜ በጠየቀበት ወቅት። በራሳቸው ጋዜጣ፣ በራሳቸው ማተሚያ ቤት።

እኔን ጥፋተኛ ለማድረግ አብራሪው መጠየቁን መጻፍ ነበረባቸው፣ አክስትዬ። እኔን ለመቅበር ሲቆፍሩ ስልሳ አንዱን ሰው አወጡ። ያ ሃምሳ ስምንት ገጽ ሪፖርት በአንድ የጋዜጣ አንቀጽ ፈረሰ፤ ጸሐፊው ምን እንደጻፈ እንኳ ያወቀ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ከሱቅ ሊሰበስቡ ሞከሩ። እኛ ሰፈር ቀድመው የገዙት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ ያቺን መስመር እያሰመሩ በር በር ላይ ለጥፈዋታል።

አንዱን ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ይዘሽው ወደ ቆንስላው ሂጂ። ለዚያ ከረባት ላሰረው ልጅ የሪፖርቱን ገጽ ሠላሳ አንድና ይህን ጋዜጣ ጎን ለጎን አስቀምጪለትና «የትኛውን ነው የምፈርመው?» በይው። ቦርሳውን ሳትይዢ እንዳትወጪ።

እኔ ሰኞ በሦስት ሰዓት ለወንጀል ምርመራ ተጠርቻለሁ። ጠበቃዬ «እስቲ ለስለስ በይ» ትለኛለች። እሞክራለሁ። ጠቅታው የእኔ ነው፣ ጻፉት እላቸዋለሁ። መርማሪው ያንን ጽፎ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ፣ በሚቀጥለው መስመር ላይ በሦስት ሰዓት ተኩል ከስልኩ ወዲያ የነበረው ማን እንደሆነ እንዲጽፍ እጠይቀዋለሁ። እስኪጽፍ ከወንበሩ አልነሳም።

የእህትሽ ልጅ